አፑ ሰልፉን ቀነሰው ወይስ ወደ ሌላ ሰው አዞረው?

የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚቀርብበት ወቅት ሲደርስ፣ በኮምፒውተርና በሶፍትዌር ትምህርት ክፍሎች አንድ ርዕስ አይጠፋም፦ የተማሪዎችን የምግብ ሰልፍ የሚቀንስ የሞባይል አፕ። ስሙ ይቀያየራል፣ ቀለሙ ይቀያየራል፣ ሐሳቡ ግን ያው ነው። ተማሪው ዶርሙ ሆኖ ያዛል፤ «ምግብዎ ደርሷል» የሚል መልእክት ሲመጣለት ሄዶ ይወስዳል። ጭብጨባ ይከተላል፣ ጥሩ ውጤትም ይሰጣል።

ይህ ጽሑፍ የዚያ አፕ ሂስ ነው። የአንድን ቡድን ሥራ ለይቼ አልተችም፤ ችግሩ የአንድ ቡድን ሳይሆን የአሠራር ልማድ ነውና። እናንተም ነገ ይህንኑ ርዕስ ልትመርጡ ትችላላችሁ። ብትመርጡ ደስ ይለኛል። ከዚያ በፊት ግን ሰልፍ የሚባለው ነገር ራሱ እንዴት እንደሚሠራ አብረን እንይ።

መጀመሪያ ምስጋናው

የርዕሱ ምርጫ ጥሩ ነው። ግቢ ውስጥ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል፦ 6 ሰዓት ላይ ክፍል ሲለቀቅ መቶዎች በአንድ ጊዜ ወደ ካፌ ይጎርፋሉ። ሚል ካርድ በእጅ፣ ደብተር በብብት። በሩ ላይ ካርድ ይታያል፣ መስኮቱ ላይ ጭልፋ ይወርዳል፣ እንጀራ ይዘረጋል። ሰልፉ ከሕንፃው ወጥቶ ዞሮ ሊሄድ ይችላል። 7:30 ላይ ደግሞ የከሰዓቱ ክፍል ይጀምራል።

እዚህ ጋ የሚጠፋው ጊዜ ብቻ አይደለም። ኪሱ ውስጥ ብር ያለው ላውንጅ ገብቶ ይበላል። የሌለው ወይ ክፍል ያረፍዳል፣ ወይ ጾሙን ይውላል። ስለዚህ «ሰልፍ እንቀንስ» ማለት ቀላል ጉዳይ አይደለም። ለዚህም ነው አፑ በትክክል መመዘን ያለበት።

ስክሪን አለ፣ ሰዓት የለም

እንዲህ ዓይነት ሰነዶችን ስትከፍቱ የሚያጋጥማችሁ ቅደም ተከተል ከሞላ ጎደል አንድ ነው። መግቢያ፣ የችግሩ መግለጫ፣ ዩዝ ኬዝ ዲያግራም፣ የዳታቤዝ ንድፍ፣ ከዚያ ስክሪኖች፦ ሎግኢን፣ የምግብ ዝርዝር፣ ማዘዣ፣ ክፍያ፣ ማሳወቂያ። መጨረሻ ላይ መጠይቅ ይበተናል፦ «አፑ ለአጠቃቀም ምቹ ነው ወይ?» ብዙዎች «በጣም እስማማለሁ» ላይ ምልክት ያደርጋሉ።

የአጠቃቀም ምቾትን መለካት ነውር አይደለም። ጆን ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1986 ያዘጋጀው ባለ 10 ጥያቄ መለኪያ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ያገለግላል። ጥያቄው ግን ሌላ ነው። ርዕሱ «የመጠበቂያ ጊዜን መቀነስ» ነበር እኮ! ታዲያ የመጠበቂያው ጊዜ የት አለ? ከአፑ በፊት ስንት ደቂቃ ነበር? ከአፑ በኋላስ? በደቂቃ ስንት ሰው ይመጣል? በደቂቃ ስንት ሰው ይስተናገዳል? እነዚህ አራት ቁጥሮች የሌሉበት ሰነድ ስለ ሰልፍ ሳይሆን ስለ ስክሪን የተጻፈ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች አዲስ ግኝት አይደሉም። ዴንማርካዊው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ለኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ሲሠራ፣ ስልክ ደዋዮች ስንት መስመር ቢኖር እንደማይጉላሉ ለማወቅ ሒሳቡን ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1909 የመጀመሪያ ጽሑፉን አወጣ። አሜሪካዊው ጆን ሊትል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1961 በስሙ የሚጠራውን ሕግ ማረጋገጫ አሳተመ። ሕጉ በቀላሉ ሲነገር እንዲህ ነው፦ በአማካይ በሰልፉ ውስጥ ያለው ሰው ብዛት፣ በደቂቃ የሚመጣው ሰው በአማካይ ከሚጠብቀው ደቂቃ ጋር ሲባዛ ከሚገኘው ጋር እኩል ነው። እናንተም ነገ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ከፊታችሁ 300 ሰው ካለና በደቂቃ 15 ሰው ወደ ውስጥ ካለፈ፣ 20 ደቂቃ ያህል ትቆማላችሁ። አፕ አያስፈልገውም።

የቦኖው ጀሪካን

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። የቦኖ ውሃ ሰልፍ አይታችሁ ከሆነ፣ ሰዎች ጀሪካናቸውን በተራ ደርድረው ወደ ጥላ ወይም ወደ ቤታቸው ሲሄዱ አይታችኋል። ጀሪካኑ በባለቤቱ ፈንታ ይሰለፋል። ለባለቤቱ እረፍት ነው፣ ጥሩ ነው። የቧንቧው ውሃ ግን በዚህ ምክንያት ፈጥኖ አይወርድም።

የምግብ ማዘዣው አፕ በአብዛኛው ጀሪካን ነው። በእናንተ ፈንታ ይሰለፋል። መስኮቱ ላይ ያለው ጭልፋ ግን ያው ጭልፋ ነው። ኢንጂነሮች ይህን ቦታ ማነቆ ይሉታል። ፍሰቱን የሚወስነው ጠባቡ ቦታ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ብታሰፉት ለውጥ የለም።

በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የመረጥኳቸው ናቸው፤ የእናንተን ካፌ ራሳችሁ ቁጠሩ። 1,200 ተማሪ አለ እንበል። ሁለት መስኮት አለ፣ እያንዳንዱ ለአንድ ሰው 8 ሰከንድ ይወስዳል። ይህም በድምሩ በደቂቃ 15 ሰው ማለት ነው። ክፍል ስለተለቀቀ 1,200ው ተማሪ በ20 ደቂቃ ውስጥ፣ በደቂቃ 60 እየሆነ ይመጣል። 20ኛው ደቂቃ ላይ 300 ሰው ተስተናግዷል፣ 900 ሰው ቆሟል። መጨረሻ የመጣው 60 ደቂቃ ይጠብቃል። የሁሉም አማካይ 30 ደቂቃ ነው። የመጨረሻው ትሪ የሚወጣው 80ኛው ደቂቃ ላይ ነው።

አሁን ሁሉም ሰው አፑን ጫነ እንበል። 1,200 ትእዛዝ በስልክ ገባ። መስኮቶቹ አሁንም በደቂቃ 15 ሰው ነው የሚያስተናግዱት። የመጨረሻው ትሪ አሁንም 80ኛው ደቂቃ ላይ ይወጣል። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፦ መቆሙ ቀርቶ ዶርም ተቀምጦ መጠበቅ ሆኗል።

ይህን ጥቅም አላናንቀውም። ዴቪድ ማይስተር እ.ኤ.አ. በ1985 ስለ ሰልፍ ሥነ ልቦና በጻፈው ታዋቂ ጽሑፍ፣ እጅህ ባዶ ሆኖ የምትጠብቀው ጊዜ ሥራ ይዘህ ከምትጠብቀው ይልቅ እንደሚረዝምብህ፣ መቼ እንደሚያልቅ የማታውቀው ጥበቃም ከምታውቀው ይልቅ እንደሚከብድ አስረድቷል። ፀሐይ ላይ 40 ደቂቃ መቆምና አልጋ ላይ ሆኖ 40 ደቂቃ ማንበብ አንድ አይደሉም። ግን በስሙ እንጥራው፦ የቀነሰው የመቆሚያ ጊዜ እንጂ የመጠበቂያ ጊዜ አይደለም። የራበው ሆድ ሁለቱን አይለይም፣ የ7:30ው ክፍልም እንዲሁ።

ዜሮ ደቂቃ፣ ግን በማን ሒሳብ?

እስካሁን ያየነው ሁሉም ሰው አፑን ሲጠቀም ነው። በእውነቱ ዓለም ግን እንዲህ አይሆንም። ስማርት ስልክ የሌለው አለ፣ ስልኩ ባትሪ የጨረሰበት አለ፣ ዳታ የሌለው አለ። እንግዲህ ከአራት ተማሪ አንዱ አፑን ተጠቀመ እንበል፣ 300 ሰው። ሰነዶቹ ላይ ብዙ ጊዜ እንደሚጻፈው «በአፑ ያዘዘ ሰልፍ ሳይጠብቅ ይወስዳል»። ደስ አይልም?

ቆዩ፣ እናስላው። በደቂቃ ከሚመጡት 60 ተማሪዎች 15ቱ የአፕ ተጠቃሚ ናቸው። መስኮቶቹ በደቂቃ የሚችሉት ስንት ነበር? 15። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች የአፕ ተጠቃሚዎቹ ጭልፋውን ሙሉ በሙሉ ይይዙታል። ካርዱን ይዞ የቆመው ሰልፍ 20 ደቂቃ ሙሉ አንድ እርምጃ አይራመድም! ከዚያ በኋላ ነው 900ው ሰው መስተናገድ የሚጀምረው። መጀመሪያ የመጣው 20 ደቂቃ ጠበቀ፣ መጨረሻ የመጣው 60 ደቂቃ። የእነሱ አማካይ 40 ደቂቃ ሆነ።

አሁን ድምሩን ውሰዱ። 300 ሰው 0 ደቂቃ፣ 900 ሰው በአማካይ 40 ደቂቃ። የ1,200ው አማካይ ስንት መጣ? 30 ደቂቃ። አፑ ከመኖሩ በፊት የነበረው ቁጥር ራሱ። አንዲት ደቂቃ አልተቆጠበችም። ከአንዱ ወደ ሌላው ተዛወረች እንጂ።

ይህ የቁጥር አጋጣሚ አይደለም። ሊዮናርድ ክላይንሮክ የተባለው ተመራማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የመጀመሪያው የአርፓኔት መልእክት የተላከበት ላቦራቶሪ መሪ፣ በ1965 ስለዚህ ጉዳይ የጥበቃ ሕግ አውጥቶ ነበር። የአስተናጋጁ ፍጥነት ካልተለወጠና ለሁሉም የሚወስደው ጊዜ ተመሳሳይ ከሆነ፣ ተራውን ብትቀያይሩ ጥቅሙን ያከፋፍላል እንጂ አማካዩን አይለውጥም። አንዱ ያተረፈው ሌላው የከሰረው ነው።

በዲፌንሱ ቀን ስላይዱ ላይ የሚጻፈው ግን ምን መሰላችሁ? «የተጠቃሚዎች የመጠበቂያ ጊዜ ከ30 ወደ 0 ደቂቃ ወርዷል»። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። የተለኩት ግን አፑን የጫኑት ብቻ ናቸው። 10 ደቂቃ የተጨመረባቸው 900 ተማሪዎች መጠይቁ አልደረሳቸውም። ስማርት ስልክ የሌለው ተማሪ ደግሞ ላውንጅ ገብቶ መብላት የማይችለው ተማሪ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ሰልፍ ለመቀነስ ተብሎ የተሠራው አፕ በጣም የተቸገረውን ልጅ ወደ ኋላ ገፋው ማለት ነው። የእኔ ዋና ቅሬታ ይኼ ነው።

ትልልቆቹም ተሰናክለውበታል

ይህ የተማሪ ፕሮጀክት ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ስታርባክስ እ.ኤ.አ. በ2015 በመላ አሜሪካ ደንበኞች ቡናቸውን በስልክ አስቀድመው የሚያዙበትን አገልግሎት አዳረሰ። ሰው ወደደው፣ በጣም ወደደው። በጥር 2017 ግን ኩባንያው ራሱ አንድ ነገር አመነ፦ በስልክ የሚያዙት በበዙባቸው ቅርንጫፎች መጠጥ መረከቢያው ጋ መጨናነቅ ተፈጠረ፤ በበሩ የገቡ አንዳንድ ደንበኞችም መጨናነቁን እያዩ ሳይገዙ ይወጡ ነበር። ማዘዣው ጋ የነበረው ሰልፍ መረከቢያው ጋ ቆመ። ትእዛዝ መቀበል በሶፍትዌር ይፈጥናል፤ ቡና ማፍላት ግን እጅና ማሽን ይፈልጋል።

ለላውንጁም ትምህርቱ ያው ነው። በሰልፍ ሒሳብ ቀላሉ ሞዴል መሠረት አንድ አስተናጋጅ ከሰዓቱ 80 በመቶው ከተያዘ፣ አንድ ደንበኛ በአማካይ አንድ ሰው ለማስተናገድ የሚፈጀውን ጊዜ 4 እጥፍ ይጠብቃል። 90 በመቶ ከሆነ 9 እጥፍ፣ 95 በመቶ ከሆነ 19 እጥፍ። ሥራው በጥቂቱ ሲጨምር ጥበቃው እንዴት እንደሚዘል አስተውሉ። አፑ ማዘዝን አቅልሎ ትእዛዝ ካበዛና ወጥ ቤቱ ያው ከሆነ፣ ሰልፉን ሊያረዝመው ሁሉ ይችላል።

«አሁን ሰልፍ የለም» የሚለው ወጥመድ

አንዳንድ ቡድኖች ማዘዣውን ትተው ሌላ መንገድ ይሞክራሉ። አፑ የሰልፉን ርዝመት በቀጥታ ያሳያል፤ አጭር ሲሆን አረንጓዴ፣ ረጅም ሲሆን ቀይ። ብልህ ይመስላል። እስቲ አስቡት ግን፦ አረንጓዴው ሲበራ 500 ሰው በአንድ ጊዜ ስልኩን ያያል። 500ው ሰው ይነሳል። ሲደርሱ ቀይ ነው።

ኢኮኖሚስቱ ብራያን አርተር እ.ኤ.አ. በ1994 ይህንን በሳንታ ፌ ከተማ በሚገኝ ኤል ፋሮል በሚባል መጠጥ ቤት ምሳሌ አስረድቶታል። 100 ሰዎች አሉ፤ ከ60 በታች ከመጡ ቤቱ ደስ ይላል፣ ከበለጡ ይጨናነቃል። ሁሉም ተመሳሳይ ትንበያ ካመኑ ትንበያው ራሱን ያፈርሳል። «ባዶ ነው» ከተባለ ሁሉም ይመጣል፣ «ሙሉ ነው» ከተባለ ማንም አይመጣም። መረጃ መስጠት ብቻውን አይበቃም፤ ለስንት ሰው ቦታ እንዳለም መወሰን አለበት።

ምን ቢደረግ ይሻላል?

ሂስ ማፍረስ ብቻ ከሆነ ጥቅም የለውም። ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ሰልፍን የሚቀንሱ ሁለት እጀታዎች አሉ፦ ማነቆውን ማስፋት፣ ወይም የሰዉን አመጣጥ መበተን።

ማነቆው፦ ሰዓት ይዛችሁ መስኮቱ ጋ ቁሙ። ከ8 ሰከንዱ ስንቱ ካርድ ማየት ነው፣ ስንቱ ምግብ መጨለፍ ነው? ካርድ ማየቱ ከመስኮቱ በፊት በሌላ ሰው ቢሠራና ጊዜው ወደ 6 ሰከንድ ቢወርድ፣ በደቂቃ 20 ሰው ያልፋል። አማካዩ ጥበቃ ከ30 ወደ 20 ደቂቃ ይወርዳል። የመጨረሻው ሰው ከ60 ወደ 40 ደቂቃ ይወርዳል። ለዚህ የታተመ ባርኮድ ያለበት ካርድ ይበቃል። ኪውአር ኮድ በስልክ ማሳየት ዘመናዊ ቢመስልም፣ መስኮቱ ጋ ደርሶ ስልኩን የሚፈልግ፣ የስክሪኑን ብርሃን የሚጨምር፣ አፑን የሚከፍት ተማሪ ከወረቀት ካርድ ይልቅ ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ለኩ፣ አትገምቱ።

አመጣጡ፦ ግማሹ ትምህርት ክፍል 20 ደቂቃ ዘግይቶ ቢለቀቅ፣ 1,200ው ሰው በ20 ሳይሆን በ40 ደቂቃ ውስጥ ይመጣል። በነባሩ 8 ሰከንድ እንኳ አማካዩ ከ30 ወደ 20 ደቂቃ ይወርዳል። ሁለቱን አንድ ላይ ብታደርጉስ? አማካዩ 10 ደቂቃ፣ የመጨረሻው ሰው 20 ደቂቃ። እስካሁን አንድ መስመር ኮድ አልጻፍንም። የሚያስፈልገው ከሬጅስትራር ጋር መነጋገር ነው። ያ ደግሞ ፍላተር ከመማር ሊከብድ እንደሚችል አልክድም!

ታዲያ አፕ ጥቅም የለውም ማለት ነው? አይደለም። ሁለት ቦታ ላይ አፕ ወረቀት የማይችለውን ይችላል።

አንደኛው ወጥ ቤቱን ማሳወቅ ነው። ረቡዕና ዓርብ ስንት ሰው የጾም ይፈልጋል? በረመዳን ስንቱ ተማሪ ምሳው ቀርቶ ማፍጠሪያ ይፈልጋል? ስንቱ ዛሬ ምሳ አይመጣም? ይህ ቁጥር ከማታው ቢታወቅ ወጥ አያልቅም፣ እንጀራ አይተርፍም። ወጥ አልቆ አዲስ እስኪወጣ ሰልፉ ከቆመ ያ ትልቁ ብክነት ነው። እንዲህ ያለው አፕ ሎግኢንና አምስት ስክሪን አያስፈልገውም፤ አንድ ጥያቄ ይበቃዋል። ያለ ኢንተርኔት በሚሠራ የዩኤስኤስዲ ቁጥር ከተሠራ ደግሞ ተራ ስልክ ያለውም ይመልሳል።

ሁለተኛው ገደብ ያለው ተራ መያዝ ነው። በየ20 ደቂቃው 300 ሰው ብቻ፣ ከዚያ በላይ አይቀበልም። ተራው በየሳምንቱ ይዞራል፣ ተማሪዎችም መቀያየር ይችላሉ። ስልክ የሌለው ተማሪ ተራውን በካርዱ ቁጥር መሠረት ከማስታወቂያ ሰሌዳ ያነባል። እዚህ ሥርዓት ውስጥ አፕ የጫነ አይቀድምም፤ አፑ መቀያየሩን ብቻ ያቀላል። ከእኔ አስተያየት የተሻለው ንድፍ ይህ ነው፤ አፑን የማይጠቀመውንም ሰው ያሰበ ነውና።

ለሚቀጥለው ዲፌንስ 5 ጥያቄ

ሥራውን የምታቀርቡት እናንተም ሁኑ ጓደኞቻችሁ፣ ወይም ዝም ብላችሁ የተቀመጣችሁ አድማጭ ብትሆኑ፣ እነዚህን ጠይቁ፦

1. ከአፑ በፊት የነበረው ጥበቃ በሰዓት ተለክቷል? ስንት ቀን?
2. ማነቆው የቱ ነው? አፑ እሱን ነክቶታል?
3. የቀነሰው መቆም ነው ወይስ መጠበቅ?
4. አፑን ያልጫኑት ሰዎች ጥበቃ ተለክቷል?
5. ያለ አፕ፣ በሰዓት ለውጥ ወይም በአንድ ተጨማሪ መስኮት ተመሳሳይ ውጤት ይገኛል ወይ?

አራተኛውን ጥያቄ አትዝለሉ። የቀሩት ስለ ጥሩ ምህንድስና ናቸው፤ አራተኛው ግን ምህንድስናው ለማን እንደሆነ ይጠይቃል።

መጀመር ከፈለጋችሁ ነገ ምሳ ሰዓት ጀምሩ። አንድ ጓደኛ በሩ ጋ ይቁም፣ በየደቂቃው የሚደርሰውን ሰው ይቁጠር። ሌላው መስኮቱ ጋ ይቁም፣ ትሪ ይዞ የሚወጣውን ይቁጠር። ደብተርና የስልካችሁ ሰዓት ይበቃል። ለአንድ ሳምንት ረቡዕንና ዓርብን ጨምራችሁ ቁጠሩ፣ ከዚያ ሁለቱን መስመሮች በአንድ ግራፍ ላይ አስቀምጡ። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ሰልፉ ነው። ክፍተቱ የት እንደሚሰፋ ካያችሁ በኋላ አፕ መሥራት ይኖርባችሁ እንደሆነ ግራፉ ራሱ ይነግራችኋል።